አያ ካሴና ቢጫው በቆሎ

አቶ ካሴ ድረስ፣ ከወረታ እስከ ርብ ወንዝ ያለው ሰው ሁሉ አያ ካሴ የሚላቸው ገበሬ፣ በሚያዝያ ወር መጨረሻ በአንድ ሐሙስ ጠዋት በቤታቸው ዐርፈዋል። መርዶውን ያመጣልኝ ልጃቸው አዱኛ ነው። በራፌ ላይ ቆሞ ቆቡን አወለቀና «አባቴ ደከመው» ብቻ አለኝ። ማረፋቸው ገባኝ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተከተልሁት።

በቀብሩ ዕለት ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ሰማሁ። አንደኛው «ደግ ሰው ነበሩ» አለ። ሁለተኛው «ደግስ ደግ ነበሩ፤ በዘር ግን ንፉግ ሆነው ነበር» ብሎ መለሰለት። በክፋት የተናገረው አይመስለኝም። ብዙ ሰው የሚያውቀውንና ሲባል የኖረውን ነው የደገመው። ይህን ጽሑፍ ለእሳቸው ወዳጆችና ጎረቤቶች ሁሉ የምጽፈው በዚያ ቃል ምክንያት ነው። አያ ካሴ አራት ዓመት ሙሉ ዘር የከለከሉት ንፉግ ሆነው አይደለም። ምክንያቱ የእኔ ማሳ ነበር። እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል እናገራለሁ።

እኔ የዚህ አገር ተወላጅ አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደ ጨረስሁ ከደሴ መጥቼ በወረታ ግብርና ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠርሁ፤ የፎገራ ልጅ የሆነ መምህር አገባሁ። ባለቤቴ ሲሞት ከአባቱ የወረሰው መሬት በእጄ ቀረ። ይህ መሬት ከአያ ካሴ ማሳ የሚለየው በአንድ ጠባብ ቦይ ነው። የእኔ በጣና በኩል ነው፤ የእሳቸው በመንገዱ በኩል። መሬቱን የእኩል የሚያርስልኝ ሰው ነበረኝ። እሳቸው «እቴ» ይሉኛል፤ እኔ «አያ ካሴ» እላቸዋለሁ። ያለዚህ ስም ተጠራርተን አናውቅም።

አያ ካሴ ከአባታቸው የተረከቡት አንድ የበቆሎ ዘር ነበራቸው። ቁመቱ አጭር፣ ፍሬው እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ነው። ምርቱ ብዙ አይደለም። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ከሁሉ በፊት ይደርሳል። ነሐሴ ላይ ጎተራው ተራቁቶ፣ ሩዙ ገና አረንጓዴ ሆኖ፣ ጤፉ ገና በሣርነቱ ሳለ ይህ በቆሎ እሸት ይሆናል። በሜዳው ላይ ብዙ ቤት ነሐሴን የሚሻገረው በእሱ ነበር።

ዘር ሊጠይቅ የመጣ ሰው በራቸው ላይ ቆሞ አይሄድም። ገብቶ ይቀመጣል፣ የተገኘውን ይቀምሳል፤ ከዚያ በኋላ ከምድጃው በላይ በጢስ ከተሰቀለው በቆሎ ያወርዱለታል። ከበቆሎው ራስ የጫፉንና የግርጌውን ፍሬ ለዶሮዎች ይፈለፍላሉ። መካከለኛውን፣ እኩል እኩል የሆነውን ብቻ፣ በሰውየው ልብስ ጫፍ ላይ ይቋጥሩለታል። ሁልጊዜ የሚሉት ይህን ነው፦ «ስትሰበስብ ለእኔ አትመልስ። ዘር ያጣ ሰው ፈልግና ለእሱ ስጥ።»

አንድ ክረምት ርብ ሞልቶ ከታች ያሉትን ቤቶች ከበበ። ሰዎቹ ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደ መንገዱ ወጡ። ውሃው ሲጎድል አያ ካሴ ከረጢት በትከሻቸው ተሸክመው፣ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው እየደረሰ ወደ ቤቶቹ ሲወርዱ አየኋቸው። አንዲት ሴት «አያ ካሴ፣ እኔ የምበላው አጥቼ ዘር ምን ያደርግልኛል» አለቻቸው። ከረጢቱን አወረዱና «የምትበይውም አለ። ዘሩን ግን እንዳትቀቅይው ብዬ ለብቻው ቋጥሬዋለሁ» አሏት። ሴትዮዋ በዚያ ሁሉ ጭቃ መካከል ሳቀች።

አዲስ ነገር የሚጠሉ ሰው አልነበሩም። ሩዝ ወደ ፎገራ ሲመጣ ሌላው የከብት ሣር ነው እያለ ሲሳለቅ እሳቸው ከመጀመሪያዎቹ ዘሪዎች አንዱ ነበሩ። ይህን የምጽፈው በኋላ በስብሰባ ላይ ልማት ይጠላሉ ስለተባሉ ነው።

ኢሕአዴግ ከገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማዳበሪያና የተዳቀለ ምርጥ ዘር ለገበሬው መከፋፈል ጀመረ። የወሳጆቹን ስም በመዝገብ የምጽፈው እኔ ነበርሁ። አንድ ቀን አለቃዬ መዝገቡን ገልብጦ አየና «የራስሽ ስም የታለ? የመሥሪያ ቤቱ ሰው ካልዘራ ገበሬው በምን ያምነናል?» አለኝ። ስሜን ጻፍሁ። ዘሩ ጥሩ ነበር፤ ረጅም፣ ነጭ፣ ምርቱ የአካባቢውን በቆሎ እጥፍ የሚሆን። ዛሬም ጥሩ አይደለም አልልም።

አያ ካሴ ከረጢቱን ወደ ቤቴ ሲገባ አይተው ኖሮ በማግስቱ መጡ። እንዳልዘራው አልጠየቁኝም። እንዲህ አሉኝ፦ «ያንቺ ዘር ለማበብ ይቆያል፤ የእኔ ይቸኩላል። እኔ ዘርቼ ከዘራሽ፣ ያንቺ የአበባውን ዱቄት በነፋስ ሲበትን የእኔ ጸጉሩ ደርቆ ይጠብቀዋል፤ አይገናኙም። ከእኔ ቀድመሽ ከዘራሽ ግን አንድ ላይ ያብባሉ፤ ዘሬ ይደባለቃል። ቅድሚያውን ለእኔ ተይልኝ፤ ሌላ የምለምንሽ የለም።»

ቀላል ነገር ነበር። ለብዙ ዓመታት ጠበቅሁት። ግንቦት አጋማሽ ላይ እሳቸው ዘርተው ሲጨርሱ በቦዩ ላይ ቆመው ይነግሩኛል፤ እኔም በማግስቱ አራሼን አስጠራለሁ።

ከዚያ አንዱን ዓመት፣ ግንቦት እንደ ገባ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ይመኙሻል ዐረፉ። በአያ ካሴ ቤት ልማድ ከቤት ሰው ሲሞት አርባው ሳይወጣ ዘር መሬት ላይ አይወድቅም። ይህን አውቅ ነበር። አርባው ወደ ሰኔ አጋማሽ እንደሚደርስም አውቅ ነበር። ግን ከአርባው በኋላ ይዘራሉ ወይስ ዘንድሮ ይተዉታል? አላወቅሁም። በየቀኑ ለቅሶ ቤት ሄጄ ከሴቶቹ ጋር እቀመጥ ነበር። ሁለት ሦስት ጊዜ ልጠይቃቸው አሰብሁ፤ ኀዘንተኛን ስለ በቆሎ መጠየቅ ነውር መሰለኝ። ባለቤታቸውን ትናንት ቀብረው ዛሬ «መቼ ይዘራሉ?» ይባላል? እሳቸውም በኀዘን ተቀምጠው ስለ እርሻ ማንሣት ነውር መስሏቸው ዝም አሉ። ሁለታችንም ጨዋ ነን ብለን ዝም አልን።

በዚያው ሰሞን አለቃዬ ጠራኝ። ከፍልሰታ በኋላ ከዞን እንግዶች ይመጣሉ፤ ከመንገዱ ብዙ የማይርቀው የእኔ ማሳ ይታያል፤ ስለዚህ በወቅቱ መዘራት አለበት አለኝ። ግንቦት ሳያልቅ አዘራሁ። ለራሴ የነገርሁት፣ ዘንድሮ በኀዘን ምክንያት በቆሎ አይዘሩም የሚል ነው። ላምን የፈለግሁትን አመንሁ።

አርባው በወጣ በማግስቱ አያ ካሴ በሬዎቻቸውን ጠምደው ወጡ። የእኔ በቆሎ ያን ጊዜ ከቁርጭምጭሚት በላይ ነበር። ከቦዩ ማዶ አይተውት ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያ ማረሳቸውን ቀጠሉ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሁለቱም ማሳዎች በአንድ ሳምንት አበቡ። ከሥራ ስመለስ አያ ካሴ በቦዩ ዳር ቆመው አገኘኋቸው። ሰላም ተባባልን። ከዚያ «እቴ፣ ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ነው» አሉኝ።

ምን እንደሚሉኝ ገብቶኛል፤ ነፋሱ የእኔን አበባ ዱቄት ወደ እሳቸው ማሳ ይነዳል። የወንዴውን አበባ ከላይ በእጅ መቁረጥ እንደሚቻል አውቅ ነበር፤ በመሥሪያ ቤታችን ወረቀት ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ሁለት ሰው በአንድ ቀን ይጨርሰው ነበር። ነገር ግን እንግዶቹ የሚመጡት በሳምንቱ ነው፤ አናቱ የተቆረጠ በቆሎ ለማን ይታያል? «አዎ አያ ካሴ፣ ዘንድሮ ይበረታል» ብዬ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው መለስሁላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ሄዱ። እንግዶቹም መጡ፣ አዩ፣ አመስግነውኝ ሄዱ።

ጥቅምት ላይ አስጠሩኝ። ደጃቸው ላይ በሰሌን የተዘረጋ በቆሎ ፊት ተቀምጠው ነበር። አንዱን አንሥተው ሰጡኝ። እኔ ሁሉም ቢጫ ነው የታየኝ። «ወደ ፀሐይ አዙሪው» አሉኝ። አዞርሁት። በአስኳሉ ቢጫ መካከል እዚህም እዚያም ገርጣ ያለ ፍሬ ነበር። በጣታቸው እየነኩ «ይህ የአባቴ ነው። ይህ ያንቺ ነው። ይህም ያንቺ ነው» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

በመጪው ግንቦት ዘር ጠያቂዎች እንደ ልማዳቸው መጡ። አያ ካሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ እጃቸውን መለሷቸው። ምክንያት አልተናገሩም። ራሳቸው የተደባለቀውን ዘር ለቅመው በትንሽ መሬት ላይ ዘሩ፤ በዚያ ዓመት ምርት ውስጥ ነጭ ፍሬ በግልጽ ብቅ አለ። ቀድሞ ዘር የሰጧቸውን ሰዎች ፍለጋ እስከ ይፋግ ሄዱ፤ በጣራ ገዳም ግርጌ ያሉትንም ጠየቁ። አንዳንዱ በልቶታል፤ አንዳንዱ በምርጥ ዘር ተክቶታል፤ የቀረውም እንደ እሳቸው ተደባልቆበታል። ለምነው ይዘው የተመለሱትን ሁለት ራስ በቆሎም ፀሐይ ላይ አይተው ለዶሮ በተኑት።

በሁለተኛው ዓመት በቀበሌው ስብሰባ ላይ ነገሩ በግልጽ ወጣ። ሰብሳቢው አያ ካሴ ምርጥ ዘር አልወስድ ማለታቸውን አንሥቶ፣ የድሮውንም ደብቀው ይዘዋል፣ ልማት ያደናቅፋሉ አለ። እኔ መዝገቤን ይዤ ከጠረጴዛው ጥግ ተቀምጬ ነበር። አያ ካሴ ተነሡና «ዘሬ ታሟል። እስኪሻለው ታገሡኝ» አሉ።

በቀልዱ የሚታወቅ አንድ ጎረቤታቸው ከኋላ «በቆሎም ታመመ? እንግዲያ ጣራ ገዳም ጸበል ውሰዱታ» አለ። ቤቱ ሳቀ።

«አንተ ብትሸከምልኝ እወስደው ነበር» አሉት አያ ካሴ፤ እንደገና ተሳቀ። ከዚያ ግን ሌላ ሰው፣ ሳይስቅ፣ «ይመኙሻል ከሞተች ወዲህ የካሴ እጅ ታስሯል፤ ቤቱን ደግ ያደረገችው ለካ እሷ ነበረች» አለ። በዚህ ማንም አልሳቀም። አያ ካሴ ተቀመጡ። እኔ ብዕሬን ይዤ መዝገቤን አየሁ።

ከስብሰባው ስንወጣ መንገድ ላይ ደረስሁባቸውና ለምን እውነቱን እንዳልተናገሩ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ ሥራዬን እንዳጣ ፈርተው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ያሰቡት ሌላ ነው።

«ብናገር በቆሎው አይመለስልኝ» አሉኝ። «ሰዉ ግን አንቺን ይይዛል። እኔን ንፉግ ቢሉኝ እዚሁ የተወለድሁ ነኝ፣ እችለዋለሁ። አንቺ ባልሽ ሞቷል፣ ዘመድሽ ደሴ ነው። ካንቺ ጋር ውሃ የሚቀዳ እንኳ ሊጠፋ ይችላል።»

እኔ እነግራቸዋለሁ አልሁ። «እኔ እያለሁ አታንሺው» አሉኝ። እሺ አልሁ። ቃል ስለገባሁ ብቻ ዝም አላልሁም፤ ዝምታው እኔንም ተመቸኝ። ይህንም መጻፍ አለብኝ።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ በመሬቴ ላይ በቆሎ መዝራት ተውሁ፤ ጤፍ አዘራሁ። አለቃዬ ስሜን ከመዝገቡ ሲያጣው ብዙ ተናገረኝ፤ ቻልሁት። ጥቅምት ሲመጣ ጠዋት ጠዋት ከአያ ካሴ ጋር ሰሌኑ ላይ እየተቀመጥሁ ፍሬ እለቅም ነበር። ዐይናቸው በሞራ እየደከመ ስለ ነበር ገርጣውን ከቢጫው የምለይላቸው እኔ ሆንሁ። የሚጠራጠሩትን ፍሬ አንሥተው «ይህስ?» ይሉኛል። «ይህ የእኔ ነው» እላቸዋለሁ፤ ወደ ጎን ይጥሉታል። ለሰዓታት የምንነጋገረው ይህን ብቻ ነበር።

አንድ ጊዜ በሬዲዮ ስለ ልውጠ ሕያዋን ሲወራ ሰምተው ጠየቁኝ። የገባኝን ያህል ነገርኋቸው፦ ባለሙያዎች ከሌላ ፍጥረት የወሰዱትን ባሕርይ በዘሩ ውስጥ እንደሚያስገቡ፣ ለአገራችን ይጠቅማል አይጠቅምም እየተባለ ክርክር እንዳለ። «ያኛውስ በነፋስ ከጎረቤት በቆሎ ሲገባ ቀለሙ ይታያል?» አሉኝ። ላይታይ ይችላል አልኋቸው። በእጃቸው የያዙትን ፍሬ እያገላበጡ «እንግዲያ እኔ ዕድለኛ ነኝ» አሉ። «የእኔ ገርጥቶ ነገረኝ። ሳይነግረው የሚደባለቅበት ገበሬ ግን ለጎረቤቱ ምን እየሰጠ እንደሆነ በምን ያውቃል?» ጥያቄው ለብዙ ቀን ከልቤ አልወጣም። እሳቸውን ያስጨነቃቸው የራሳቸው ጎተራ አልነበረም። ሰው አምኖ የሚወስደውን ነገር ሳያውቁ አበላሽተው መስጠት ነበር የሚፈሩት።

በአራተኛው ዓመት አንድም ነጭ፣ አንድም ገርጣ ፍሬ ጠፋ። ደስ ብሎኝ «ተመለሰ» አልኋቸው። አያ ካሴ ግን ከተዘራበት ቀን ጀምሮ ሲቆጥሩ ኖረዋል። «ቀለሙ ተመልሷል፤ ጊዜው አልተመለሰም» አሉኝ። የዱሮው ዘር እሸት ከሚሆንበት ቀን ስምንት ቀን ዘግይቷል። ከእኔ ረጅም በቆሎ ውስጥ የገባው ነገር በፀሐይ የሚታይ ስላልሆነ በመልቀም አልወጣም።

እንዲያም ሆኖ በመጪው ግንቦት በራቸውን ከፈቱ። ለመጣው ሁሉ ሳይደብቁ ይናገሩ ነበር፦ «እንደ ድሮው አይደርስም፣ ስምንት ቀን ይቆያል። ነሐሴ ላይ ስምንት ቀን አስባችሁ ውሰዱ።» ያ ቀልደኛ ጎረቤታቸውም መጥቶ ነበር። «ስምንት ቀንማ አማቴ ቤት እከርማለሁ» አላቸው። «እሷም ከእኔው ዘር ነው የወሰደችው» አሉት። የመጣው ሰው ግን ጥቂት ነው። የቀረው በአራቱ ዓመታት ውስጥ ሌላ ዘር ለምዷል። ንፉግ የሚለው ስምም እንደ ወጣ ቀረ።

በኋላ እኔን ጠርተው በመሬቴ ላይ ምርጥ ዘሩን መልሼ እንድዘራ የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። «መሬትሽ በቆሎ ይወዳል፤ ለምን ትቸገሪያለሽ? ቀኑን መጠበቅ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እስከ ዘንድሮ ድረስ አንድም ዓመት አልቀደምኋቸውም።

በሠልስቱ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሞልቶ ሳለ አዱኛ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥሁና በቆሎውን መቼ እንደሚዘራ ጠየቅሁት። አጠገባችን ያሉት ሴቶች ዞረው አዩኝ። አንዷ ቀስ ብላ «እማማ፣ ይህ አሁን ይጠየቃል?» አለችኝ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ አልኋት። አዱኛ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ቀና ብሎ አየኝና «አርባው ሲወጣ፣ ሰኔ መግቢያ» አለኝ። አመስግኜው ወደ ቦታዬ ተመለስሁ።

አያ ካሴ፣ እርስዎ እያሉ እንዳላነሣው ያዘዙኝን ጠብቄአለሁ። አሁን ግን ከዚህ በላይ ልጠብቀው አልችልም። ያንን ስም ለእኔ ብለው ተሸከሙልኝ፤ የእኔ ስለሆነ መልሼ ወስጄዋለሁ። ሰዉ ምን እንደሚለኝ አላውቅም፤ እኔም አርጅቻለሁ፣ እችለዋለሁ። ከአባትዎ የተቀበሉትን ስምንት ቀን ልመልስልዎ አልቻልሁም፤ ይቅር ይበሉኝ። ልጅዎ ዘርቶ እስኪጨርስ ድረስ የዘር ከረጢቴን አልፈታም። ይረፉ፣ አያ ካሴ።